ጥዬ እሄዳለሁ ማለት እና መሄድ

ዛሬም ስለ ብሬግዚት ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ያለቀ የደቀቀ ነገር ምን ያስቆፍርሃል?» የምትሉኝ አትጠፉም። እናንተ ጋ አልቆ ይሆናል፤ የኔ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ግን አላለቀም። ሎንደን ውስጥ ሌሊት የሚነዳ ሁሉ ይመሰክርልኛል። ተሳፋሪው ሁለት ብርጭቆ ከቀመሰ በኋላ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ዓይነት ክርክር ከሁለት አቅጣጫ መጣብኝ። አንደኛው ከሂትሮው ያመጣኋቸው አዛውንት እንግሊዛዊ ናቸው። «ወንድ የሆነ ተደራዳሪ ብናገኝ ኖሮ በመጀመሪያው ስብሰባ ወረቀቱን ጥሎላቸው ይወጣ ነበር፤ አውሮፓውያኑ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ እየሮጡ ይከተሉት ነበር» አሉኝ። ሁለተኛው የራሳችን ልጅ ነው። ቡና ላይ ተገናኝተን ይኸው ወሬ ተነሳና «የመርካቶ ልጅ ሆነህ ይሄ እንዴት ይጠፋሃል? ዞር ብለህ መሄድ ካልጀመርክ ማን ዋጋ ይቀንስልሃል?» አለኝ። መኪናዬን ሃያ ደቂቃ ብቻ በሚፈቀድበት ቦታ ስላቆምኩ ለእሱ መልስ የሰጠሁት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሙሉውን እዚህ ልጻፈው። ረጅም ነው፤ ሻያችሁን ያዙ።

በመርካቶው ልጀምር። ልጁ የተናገረው እውነት አለው። እማዬ ሸማ ተራ ይዛኝ ስትሄድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ነጋዴው ዋጋ ይጠራል፣ እማዬ ጋቢውን አጥፋ ታስቀምጥና «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትወጣለች። አምስት እርምጃ ሳንራመድ «እናቴ፣ ኧረ ነይ! ነይ እንነጋገር!» ይላታል። ልጅ ሆኜ ይህን እንደ አስማት ነበር የማየው። አስማት እንዳልሆነ የገባኝ ከፍ ካልኩ በኋላ ነው። እማዬ ያንን ሱቅ ከመርገጧ በፊት ሦስት ሱቅ ዞራ ዋጋ ጠይቃለች። ከአንዱ ጋር እንዲያውም ተስማምታ «ዞሬ እመለሳለሁ» ብላ ነው የመጣችው። ጥላ ስትወጣ እግሯ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ነጋዴውም ከአረማመዷ ያነብበዋል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። እማዬ የፋሲካን ዶሮ በዋዜማው ገዝታ አታውቅም። ሳምንት ቀደም ብላ ገዝታ ጓሮ ታስራለች። ምክንያቱም በዋዜማው «ጥዬ እሄዳለሁ» የሚባል ነገር የለም። ዶሮ ነጋዴው ያውቃል። ሰው ጾም ፈትቶ ቤቱ ባዶ ድስት ይዞ እንደማይቀመጥ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቃል። እንዲያውም ስትመለስ ይጨምርብሃል።

አሁን ወደ ብራስልስ እንሂድ። ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት የሚፈልግ አገር የሚወጣበት ሕግ አንቀጽ 50 ይባላል። ደብዳቤ ታስገባለህ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ይቆጠራል። በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተስማማህ ያለ ምንም ስምምነት ትወጣለህ፤ ሌሎቹ በሙሉ ካልፈቀዱ በስተቀር ቀኑ አይራዘምም። ይህን አንቀጽ ለዚህ ብሎ የጻፈው ሰው ሊወጣ ለሚፈልገው አገር አዝኖ እንዳልጻፈው ግልጽ ነው። ኅብረቱ ደግሞ «ደብዳቤው ሳይገባ አንድም ድርድር የለም» አለ። ቴሬዛ ሜይ በኦክቶበር 2016 በፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ ተነስተው ደብዳቤውን እስከ ማርች 2017 መጨረሻ አስገባለሁ አሉ። አስገቡም፤ ማርች 29 ቀን 2017። በራሳቸው እጅ የዶሮ ገበያውን ዋዜማ ላይ አደረጉት ማለት ነው። ምን ይዘን ነው የምንገባው፣ የጉምሩኩ ነገር እንዴት ይሆናል፣ አየርላንድስ የሚለው በካቢኔያቸው ውስጥ እንኳን አልተቋጨም ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ከደብዳቤው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 2017፣ ላንካስተር ሃውስ በተባለው ትልቅ ቤት ውስጥ ያደረጉትን ንግግር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለብሪታንያ ከመጥፎ ስምምነት ያለ ስምምነት መውጣት ይሻላል አሉ። አዛውንቱ ተሳፋሪዬ ይህችን አባባል እስከ ዛሬ እንደ ጸሎት ይደግሟታል። እኔም ብሆን በአባባሉ ላይ ጠብ የለኝም። ከመጥፎ ዋጋ አለመግዛት ይሻላል፤ ማንም ያውቀዋል። ጥያቄው ሳትገዛ ስትወጣ የት ነው የምትሄደው የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከዓመታት በፊት መኪና የራሴ አልነበረም፤ ፕሪየስ በሳምንት 190 ፓውንድ እየተከራየሁ ነበር የምሠራው። ባለ መኪናው አንድ ቀን ጠርቶኝ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 230» አለኝ። እሺም እንቢም አላልኩትም። «ሰኞ መጥቼ እናወራለን» ብዬ ወጣሁ። ቅዳሜ ምሥራቅ ሎንደን ሌላ አከራይ ጋ ሄድኩ፣ መኪናውን አየሁ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ኢንሹራንሱን ጠየቅሁ፣ 100 ፓውንድ ቀብድ አስያዝኩ። ሰኞ ስመለስ አንድም የዛቻ ቃል አልተናገርኩም። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ያለፈው ሳምንት ሂሳብ ይኸው፣ መኪናው ታጥቧል» አልኩት። ቁልፉን አየ፣ እኔን አየ፣ «ኧረ ተቀመጥ» አለኝ። በ200 ጨረስን። ቀብዴ ተቃጠለ፤ ጥሩ 100 ፓውንድ ነበረች፣ አልቆጨችኝም።

ታሪኩን ለጓደኞቼ አወራሁ። አንዱ ሾፌር፣ ነፍሱን ይማረውና አሁን በሕይወት የለም፣ በጣም የሚያስቀን ሰው ነበር፣ በሳምንቱ እሱም ሄዶ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ቀብድ የለ፣ ሌላ መኪና የለ፣ ዝም ብሎ ቁልፉን ብቻ። ባለ መኪናው ቁልፉን አንስቶ ኪሱ ከተተና «እሺ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ፣ መልካም ዕድል» አለው። ልጁ ሁለት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው «ሰውዬው የድርድር ሥነ ሥርዓት አያውቅም» እያለ ያማው ነበር።

እንግሊዝ ከማን ጋር እንደምትመሳሰል አንባቢ ይፍረድ። ይህን ነገር ፈረንጆቹ በትምህርት ቤት ያስተምሩታል። ሮጀር ፊሸር እና ዊልያም ዩሪ የሚባሉ ሰዎች በ1981 ባሳተሙት የድርድር መጽሐፍ ውስጥ ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ጉልበትህ ካልተስማማህ በሚጠብቅህ ነገር ይለካል። እማዬ መጽሐፉን አላነበበችም።

እስቲ የሚጠብቀውን ነገር እንየው። እንግሊዝ ወደ ውጭ ከምትሸጠው ግማሽ የሚጠጋው የሚሄደው ወደ አውሮፓ ኅብረት ነው። እነሱም ለእንግሊዝ ይሸጣሉ፣ ብዙ ይሸጣሉ፤ ግን ጉዳቱ ለ27 አገር ይከፋፈላል። «የጀርመን መኪና ፋብሪካዎች ሜርክልን እጇን ይጠመዝዟታል» የሚባል ነገር ነበር፤ ያን ጊዜ በየሬዲዮው ይሰማ ነበር። የጀርመን ነጋዴዎች ግን የሚበልጥብን የጋራ ገበያው አንድነት ነው አሉና ተቀመጡ። ይሄም ለመርካቶ ሰው እንግዳ አይደለም። አንድ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ 27 ደንበኛ ቆሞ እያየ ለአንዱ ከዋጋ በታች አይሸጥም። ብቻህን ብታገኘው ይሸጥልህ ይሆናል። ሰው ፊት ግን ለአንተ የቀነሰውን ሁሉም ይጠይቀዋል። አባል ሳይሆኑ፣ መዋጮ ሳይከፍሉ፣ ሕጉን ሳይጠብቁ ጥቅሙን ማግኘት ከተቻለ ነገ ሌላው ይነሳል። ሁለት ወዶ አይሆንም ያሉት ለዚህ ነው። ዶናልድ ቱስክ በሴፕቴምበር 2018 ሳልዝቡርግ ላይ ለቴሬዛ ሜይ ኬክ ሲያቀርብላቸው ፎቶ ተነስቶ «ይቅርታ፣ ቼሪ የለውም» ብሎ ኢንስታግራም ላይ የለጠፈው ይህንኑ ለማለት ነበር። ስድብ ነበር፤ ለአንድ አገር መሪ የማይገባ ነው። ነገሩ ግን ያው ነው።

ድርድሩ ጁን 19 ቀን 2017 ሲጀመር የእንግሊዙ ዴቪድ ዴቪስ ስለ ቅደም ተከተሉ በጋውን ሙሉ እንጣላለን ብለው ነበር። አውሮፓውያኑ መጀመሪያ ገንዘቡ፣ የሰዎቹ መብትና አየርላንድ፣ ንግዱ ከዚያ በኋላ ይሉ ነበር። ጥሉ አንድ ቀን አልቆየም፤ በመጀመሪያው ቀን ተቀበሉ። በጁላይ የተነሳውን ፎቶ ያየ ይኖራል። ሚሼል ባርኒየ ፊት የወረቀት ክምር፣ ዴቪስ ፊት ባዶ ጠረጴዛ። እርግጥ ወረቀት መያዝ ብቻውን ዕውቀት አይደለም፣ ቦርሳ ውስጥም ሊሆን ይችላል። ግን ሌላኛው ወገን ምን አየ? ቁልፉን ያስቀመጠ፣ ቀብድ ያልያዘ ሰው።

በዚያው ወር ቦሪስ ጆንሰን ስለሚጠየቀው ገንዘብ በፓርላማ ሲጠየቁ «ያፏጩ» የሚል ዓይነት መልስ ሰጡ። ባርኒየ በማግስቱ ፉጨት አልሰማሁም፣ የምሰማው የሰዓት ቆጣሪ ድምፅ ነው አለ። በዲሴምበር እንግሊዝ ከ35 እስከ 39 ቢሊዮን ፓውንድ ይሆናል ተብሎ የተገመተውን ሂሳብ ለመክፈል ተስማማች።

አሁን የሚያመኝን ላንሳ። ከሦስት ሚሊዮን በላይ የኅብረቱ ዜጎች እዚህ አገር ይኖሩ ነበር። ከእነሱ መካከል የእኛ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በሆላንድ፣ በስዊድን፣ በጣሊያን፣ በጀርመን ወረቀት ይዘው፣ ዜግነት ወስደው፣ ከዚያ ዘመድ ወዳለበት ወደ ሎንደን የመጡ። ስንቶቻችን ነን በአንድ ቤት ውስጥ ባል የእንግሊዝ፣ ሚስት የሆላንድ ፓስፖርት የያዝን። ከሕዝበ ውሳኔው በኋላ መንግሥት «የእነዚህ ሰዎች መብት አይነካም» ብሎ ወዲያው እንዲያውጅ ሲጠየቅ እንቢ አለ። ሊያም ፎክስ የሚባሉት ሚኒስትር በኦክቶበር 2016 ይህን ማረጋገጫ ከድርድሩ በፊት መስጠት ከዋና ዋና ካርታዎቻችን አንዱን አሳልፎ መስጠት ነው አሉ። ካርታ! የሰው ልጅ፣ ኪራይ የሚከፍል፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያመላልስ። የጌቶች ምክር ቤት ማርች 1 ቀን 2017 በ358 ለ256 ድምፅ ዋስትናው በሕጉ ውስጥ ይግባ ብሎ ነበር፤ የታችኛው ምክር ቤት ጣለው።

አብሮኝ ሌሊት የሚነዳ አንድ ወዳጄ የሆላንድ ፓስፖርት ነበረው። ሁለት ልጅ፣ ሚስቱ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። አሥራ አንድ ዓመት ግብር ከፍሏል። ያን ጊዜ ሂትሮው ተራ ስንጠብቅ በስልኩ ዜና እያነበበ «እኔ የየትኛው ካርታ ነኝ? ጦሩ ነኝ ልቡ?» ይለኝ ነበር። እንስቅ ነበር። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። እሷ ስደትን የምታውቅ ሴት ናት፤ አንድ መንግሥት «አትጨነቁ» እያለ ወረቀቱን ሳይሰጥ ሲዘገይ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ በፊት ገብቷታል። በኋላ በስምምነቱ ውስጥ መብታቸው ተካተተ፣ የምዝገባው 65 ፓውንድም በጃንዋሪ 2019 ቀረ። እነሱ ግን በ2018 ክረምት ቤት ለቀው ሮተርዳም ገብተው ነበር። እንግሊዝ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥዬ እሄዳለሁ ስትል ከሁሉ በፊት ጥሎ የሄደው እሱ ነው። ዛቻ አልነበረውም፤ ትኬት ነበረው።

አየርላንድን በአጭሩ ልለፈው ብል አይሆንም፤ ጠቅላላ ድርድሩ የተሰነቀረው እዚያ ነው። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ድንበር፣ ኬላ የሌለው፣ ወታደር የሌለው። ኬላው የጠፋው በኤፕሪል 1998 ከተፈረመው የሰላም ስምምነት በኋላ ነው። ያ ወር ለእኛ ምን እንደሆነ አስቡ። እነሱ ኤፕሪል ላይ ሰላም ፈረሙ፣ እኛ በሜይ ባድመ ላይ ጦርነት ጀመርን። ስለዚህ እንግሊዛውያን ተሳፋሪዎቼ «ስለ አንድ መንገድ ላይ ስላለች ኬላ ምን ያካብዳሉ?» ሲሉኝ እኔ ኬላ ምን እንደሚያመጣ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። ጁላይ 9 ቀን 2018 ቦሪስ ጆንሰን ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ለቀቁ። ያው ቀን ዐቢይና ኢሳይያስ አስመራ ላይ ጦርነቱ አብቅቷል ብለው የፈረሙበት ቀን ነው። አንድ ሬዲዮ ላይ ድንበር ሲከፈት፣ ሌላው ላይ ድንበር ሊዘጋ ሲጨቃጨቁ እየሰማሁ ዋልኩ። የኛው ምን ላይ እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ እዚህ አልገባበትም።

እና «ያለ ስምምነት እንወጣለን» የሚለው ዛቻ ሲፈታ ትርጉሙ «አየርላንድ ድንበር ላይ የሚመጣውን እንተወዋለን» ማለት ነበር። ጠመንጃው ያነጣጠረው ግማሹ ወደራስ ነው። ሌላኛው ወገን ይህን ስለሚያውቅ አልደነገጠም።

ዝግጅቱንም ተመልከቱ፤ እዚህ ላይ ብዙ ስቄያለሁ። በ2018 መጨረሻ መንግሥት ያለ ስምምነት ከወጣን ተጨማሪ ጀልባ ያስፈልጋል ብሎ ኮንትራት ሲሰጥ፣ 13.8 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣውን ሲቦርን ፍሬይት ለሚባል መርከብ ለሌለው ድርጅት ሰጠ። አንድም መርከብ! በፌብሩዋሪ 2019 ተሰረዘ። ጃንዋሪ 7 ቀን 2019 ደግሞ ዶቨር ቢጨናነቅ እንዴት እንደሚሆን ለመሞከር ማንስተን የሚባል የተዘጋ አየር ማረፊያ ላይ የጭነት መኪናዎች አሰልፈው ወደ ዶቨር ነዱ። ስንት መኪና? 89። ዶቨር በቀን በሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎች የሚያልፉበት ወደብ ነው። እኔ ዓርብ ማታ ከአንድ የፊንስበሪ ፓርክ ጥግ ላይ ከዚያ የበለጠ ሰልፍ አያለሁ። ሆላንዶቹ በበኩላቸው የጉምሩክ ሠራተኛ እየቀጠሩ ነበር፤ ነጋዴዎቻቸው እንዲዘጋጁ ደግሞ ሰማያዊ፣ ጸጉራም የሆነ የብሬግዚት ጭራቅ አሻንጉሊት ሠርተው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ፎቶ አነሱት። ወዳጄ ከሮተርዳም ፎቶውን ልኮልኝ «እኛ ጭራቅ አለን፣ እናንተ መርከብ አላችሁ?» አለኝ።

ሌላው ጎን ቢነሳ ፍትሕ ነው። «ጥሎ መሄድ የማይችል አይደራደርም» የሚሉት ሰዎች አንድ የማይመለስ መከራከሪያ አላቸው፤ ዴቪድ ካሜሮን። በፌብሩዋሪ 2016 ከሕዝበ ውሳኔው በፊት ኅብረቱን ማሻሻያ ሲጠይቁ ምንም ይስጧቸው ምን «እንቆይ» ብለው እንደሚቀሰቅሱ ብራስልስ ውስጥ ሁሉም ያውቅ ነበር። ስለዚህ የሰጧቸው ትንሽ ነው፤ ዋናው አዲስ መጤ ሠራተኞች ላይ የድጎማ ገደብ ነበር። ሕዝቡም አልተደነቀበትም። ጁን 23 ቀን 51.9 በመቶው «እንውጣ» አለ፤ በማግስቱ ጠዋት ፓውንድ ከ1985 ወዲህ ባልታየ ዋጋ ወረደ፤ ለቤተሰብ ብር የምንልክ ሰዎች በዚያው ሳምንት ዌስተርን ዩኒየን መስኮት ላይ አወቅነው።

የቴሬዛ ሜይ ስምምነት ፓርላማ ሲገባ ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 በ432 ለ202 ወደቀ፤ ማርች 12 ወደቀ፤ ማርች 29፣ ሊወጡበት በነበረው ቀን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ። በመሀል፣ ማርች 13፣ ፓርላማው በ312 ለ308 ያለ ስምምነት መውጣትን በምንም ሁኔታ አንቀበልም አለ። በአራት ድምፅ! ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ብራስልስ ሄደው «እንቢ ካላችሁ እወጣለሁ» ቢሉ ማን ያምናቸዋል። ማራዘሚያ ለመኑ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከወንበራቸውም ወረዱ።

ጆንሰን ሲመጡ ነገሩን ገልብጠውት ነበር። ኦክቶበር 31 ቀን 2019 ሞቼ ብገኝ እወጣለሁ፣ ማራዘሚያ ከምጠይቅ ቦይ ውስጥ ወድቄ ብሞት ይሻለኛል አሉ። ፓርላማውን ዘጉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሴፕቴምበር 24 ሕገ ወጥ ነው አለ። ፓርላማው ደግሞ ስምምነት ከሌለ ማራዘሚያ ጠይቅ የሚል ሕግ አወጣባቸው፤ እሳቸው «እጄን አሠራችሁብኝ» ብለው ጮኹ። እዚህ ላይ ቡና ላይ የተከራከረኝ ልጅ «አየህ፣ ሊሠራ ሲል አበላሹበት» ይላል። በከፊል አልቃወመውም። ኅብረቱ «የተደረሰበት ስምምነት አይከፈትም» ሲል ከርሞ በኦክቶበር 2019 ከፍቶታል፤ ይህ እውነት ነው፣ መካድ አይቻልም። እብድ የሚመስል ሰው አንዳንዴ ይፈራል።

ግን በምን ተከፈተ? ጆንሰን ኦክቶበር 10 ቀን ከአየርላንዱ ሊዮ ቫራድካር ጋር ዊራል የሚባል አካባቢ ባለ አንድ የእንግዳ ቤት ውስጥ ተገናኙ፤ በሳምንቱ ስምምነት ሆነ። የሆነው ቁጥጥሩ በሰሜን አየርላንድና በተቀረው ብሪታንያ መካከል፣ ባሕሩ ላይ እንዲሆን ነው። ቴሬዛ ሜይ በፌብሩዋሪ 2018 ማንም የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊስማማበት አይችልም ያሉት ነገር መሆኑን አስታውሱ። ስለዚህ በሩ የተከፈተው ዛቻውን ሰምቶ ብቻ አይደለም፤ ሰውዬው ሌሎቹ ያልሰጡትን ሰጥተው ነው። ማራዘሚያውንም ጠየቁ፤ ደብዳቤውን ሳይፈርሙ ላኩት። ፊርማ አለመኖሩ ለጋዜጣ ጠቀመ፣ ሌላ ጥቅም አላየሁበትም።

የመጨረሻው ዙር 2020 ነው፣ የንግዱ። ኦክቶበር 16 ጆንሰን ያለ ስምምነት ለመውጣት ተዘጋጁ አሉ፤ ከሳምንት በታች ቆይተው ወንበሩ ላይ ተመለሱ። ያን ዲሴምበር ወረርሽኙ ሥራችንን ገድሎት ስለነበር ያገኘሁትን ሁሉ እነዳ ነበር። ፈረንሳይ በአዲሱ የቫይረስ ዝርያ ምክንያት ዲሴምበር 20 ሌሊት ድንበሯን ስትዘጋ፣ በማግስቱ አንዲት ነርስ ወደ አሽፎርድ ላደርስ ኤም 20 ላይ ነበርኩ። በሌላው አቅጣጫ የቆሙትን የጭነት መኪናዎች አልረሳም። የፖላንድ፣ የሮማንያ፣ የስፔን ሰሌዳ፤ ሾፌሮቹ ብርድ ላይ ቆመው፣ ሽንት ቤት የለ፣ ምግብ የለ። ሾፌር ስለሆንኩ ይሆናል፣ ሆዴን በላኝ። ካልሳ ኤይድ የሚባለው የሲኮች ድርጅት ትኩስ ምግብ አምጥቶ አደላቸው። ያ የቫይረስ ጉዳይ እንጂ የድርድር አልነበረም። ግን አገሩ በሙሉ በቴሌቪዥን ያየው ዶቨር ሁለት ቀን ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ነው፤ 89 መኪና ያላሳየውን። በገና ዋዜማ፣ ዲሴምበር 24፣ ስምምነት ላይ ተደረሰ ተባለ። ዋዜማ፣ ልብ በሉ።

መጨረሻ ላይ ሲያጨቃጭቃቸው የነበረው ዓሣ ነው፤ ከአገሪቱ ኢኮኖሚ 1 በመቶ እንኳን የማይሞላ። የአውሮፓውያኑ ድርሻ በአምስት ዓመት ተኩል ውስጥ በ25 በመቶ ይቀንሳል፣ ከጁን 2026 በኋላ በየዓመቱ እንደራደራለን ተባለ። ሜይ 19 ቀን 2025 ደግሞ አዲሱ መንግሥት ከኅብረቱ ጋር ተቀምጦ አውሮፓውያኑ በእንግሊዝ ውኃ የማጥመድ ፈቃዳቸውን እስከ 2038 አራዘመላቸው። ስብሰባው የት ነበር ካላችሁ፣ ላንካስተር ሃውስ።

ወዳጄን ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ሆነው ሮተርዳም ሄጄ ነበር። የእንግሊዝ ፓስፖርቴን ይዤ ረጅሙ ሰልፍ ላይ ቆምኩ፤ ፖሊሱ ገጹን እየገለጠ ለስንት ቀን እንደመጣሁ፣ የት እንደማርፍ ጠየቀኝና ማኅተም መታበት። ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን። ወዳጄ ውጭ ቆሞ ሲጠብቀኝ ቡናው ቀዝቅዞበት ነበር። አሁን አውቶቡስ ይነዳል፤ ሥራው በፈረቃ ስለሆነ ሌሊት መንዳት ቀርቶለታል። ሚስቱ እንጀራ አቅርባ «ሎንደን ናፍቆሻል?» ስላት «ገበያው» አለች፤ «ሰው አይደለም፣ ገበያው»።